ሳይቀምሱ መግዛት፤ ስለ ወይን ጠጅ አቀማመስ ለነጋድያን የቀረበ ትምህርት

በአገራችን ገበያ ሳይቀመስና ሳይሸተት የማይገዛ ዕቃ ብዙ ነው። ቅቤ የምትገዛ ባልቴት በጣቷ ጫፍ ነክታ ሳታሸት ዋጋ አትጠይቅም። ማር ገዢው ከእንስራው በእንጨት ጨልፎ ምላሱ ላይ ሳያኖር ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ቡና ላኪውም ቢሆን ናሙናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በፍል ውኃ ተነክሮ በቀማሾች አንደበት ሳይመሰከርለት ውል አይፈርምም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ወደ ወይን ጠጅ ንግድ በገባ ጊዜ ልማዱን ይረሳል። ጠርሙሱን በተለጠፈበት ወረቀት ውበትና በዋጋው ርካሽነት ብቻ መርጦ፣ በሣጥን ቆጥሮ ተረክቦ፣ መደርደሪያው ላይ ያሰልፈዋል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ገዢው ከፍቶ በጠጣው ጊዜ ነው።

የዚህ ልማድ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ እንመልከት። በኮልፌ ቀራንዮ ከአየር ጤና አደባባይ አጠገብ መደብር ያለው አንድ ነጋዴ 10 ሣጥን፣ በእያንዳንዱ ሣጥን 12 ጠርሙስ፣ በጠቅላላው 120 ጠርሙስ የወይን ጠጅ ገዛ እንበል። ከመግዛቱ በፊት አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ቢቀምስ ኖሮ ወጪው ከጠቅላላው ዋጋ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ባልሞላ ነበር። ሳይቀምስ ገዝቶ ከመቶ አሥሩ ተበላሽቶ ቢገኝ ግን የ12 ጠርሙስ ዋጋ ይከስራል። ከዚህም የከፋ አለ። ከነዚህ ጠርሙሶች ጥቂቱን ለልጁ ሠርግ የገዛ ደንበኛ በእንግዶቹ ፊት አቼቶ የሆነ መጠጥ ቀድቶ ያፍራል። ያ ደንበኛ ገንዘቡን ለመጠየቅ ባይመለስም ለሌላ ግዢም አይመለስም።

ስለዚህ የወይን ጠጅ አቀማመስ የባለጸጎች መዝናኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ሚዛንና እንደ ሜትር ሁሉ የነጋዴው የሥራ መሣሪያ መሆኑን፣ መሣሪያውንም እንዴት መያዝ እንደሚገባ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሀ. ወይንና ጠጅ በአገራችን

የወይን ጠጅ ለኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ ዕቃ ነው የሚሉ አሉ። ቋንቋችን ግን ይህን አባባል ይቃወማል። በቆላና በደጋ መካከል ያለውን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2400 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን አገር «ወይና ደጋ» ብለን ስንጠራ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለታችን ነው። ቀይና ሰማያዊ የተቀላቀሉበትንም ቀለም «ወይን ጠጅ» እንለዋለን። ቤተ ክርስቲያናችንም ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፋ፣ ጨምቃ፣ ሳታቦካ ስታዘጋጅ ኖራለች። ይሁን እንጂ በቤተ መንግሥትም በሕዝቡም ግብዣ ላይ የነገሠው የማር ጠጅ ስለ ነበረ ከወይን ፍሬ የተሠራውን መጠጥ በዚሁ በጠጅ ስም ሰየምነው።

በፋብሪካ ደረጃ የተሠራ የወይን ጠጅ በአዲስ አበባ ገበያ መታየት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሁኖታል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ታሪኩን ከ1943 እ.ኤ.አ. ይቈጥራል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በመንግሥት እጅ ሲሠራ ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. ወደ ግል ባለሀብቶች ተዛወረ። ከአምቦ ከተማ ወዲያ ባለው በጉደር ስም የተጠራው ቀይ ወይን ጠጅ፣ ጣፋጩ አክሱሚት፣ ነጩ ከሚላ፣ እንዲሁም አዋሽ ክሪስታል የተባሉት ስሞች ለብዙ ባለሱቅ የቆዩ ወዳጆች ናቸው።

ለ. የአንድ ቤተሰብ የወይን ተክል በዝዋይ

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ የተጀመረው ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ፣ በደምበል ሐይቅ አጠገብ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ ነው። ሥራውን ያቋቋመው የፈረንሳዩ የካስቴል ቤት ነው። ይህ ቤት በ1949 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ወንድማማችና እኅትማማቾች በቦርዶ ከተማ የጀመሩት የቤተሰብ ንግድ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በቢራ ሥራ ገብቷል። በአገራችንም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን በ1998 እ.ኤ.አ. የገዛው ይኸው ቤት ነው። የወይን ችግኙ ከፈረንሳይ መጥቶ በዝዋይ አሸዋማ መሬት ላይ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተተከለ። የመጀመሪያው ጠርሙስም በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ከ100 ሄክታር በላይ በሚሆነው ተክል ላይ የተመረጡት ዝርያዎች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ናቸው። መጠጡም «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚባሉ ስሞች ተሸጠ።

የዝዋይ ተክል ለነጋዴ ጥሩ የትምህርት ቦታ የሚሆነው አፈሩና አየሩ በጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ነገር ብዙ ስለሚያስረዱ ነው። በአውሮፓ የወይን ተክል በብርዱ ወራት ቅጠሉን አርግፎ ያንቀላፋል፤ በጸደይም ይነቃል። በዝዋይ ግን ብርቱ ብርድ ስለሌለ ተክሉ በራሱ አያንቀላፋም። ስለዚህ የመከሩን ጊዜ የሚወስነው የቀን መቍጠሪያው ሳይሆን ቅርንጫፉ የሚከረከምበት ቀን ነው። ገበሬው ፍሬው በክረምት ዝናብ እንዳይበሰብስ ቀኑን ቈጥሮ ይከረክማል። ሐይቁ ቅርብ በመሆኑም ጉማሬና ሌላ አውሬ ወደ ተክሉ እንዳይገባ በዙሪያው ቦይ ተቈፍሯል። ይህን ሁሉ ያየ ነጋዴ አንድ ጠርሙስ ለምን ያን ያህል ዋጋ እንዳለው ለደንበኛው በቃሉ ማስረዳት ይችላል።

ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በቃሊቲ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በመቂ በኩል የሚደረገው ጉዞ ማለዳ ተጀምሮ በዚያው ቀን ሊመለሱበት የሚቻል ነው። ወደ ማናቸውም የወይን ጠጅ አምራች ለመሄድ የሚያስብ ነጋዴ ብቻውን ከሚሄድ ከሦስት ወይም ከአራት የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሁኖ፣ አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ ቢሄድ ይሻላል። የአንዱ አንደበት የሳተውን የሌላው ይይዘዋልና።

ሐ. ወደ መቅመሻው ክፍል ከመግባት በፊት

ቀማሽ ከመቅመሱ በፊት ጾመኛ ሊመስል ይገባዋል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ቁርስ፣ ቡና፣ ሲጋራና ሽቶ የአፍንጫንና የምላስን ፍርድ ያዛባሉ። ባዶ ሆድም አይመከርም። ጨው ያልበዛበት ዳቦ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ረፋዱ ላይ መቅመስ መልካም ነው። ዕጣን የሚጨስበት ወይም ምግብ የሚሠራበት ክፍል ለዚህ ሥራ አይሆንም። መኪና የሚነዳውም ሰው ማንም ይሁን ማን አንዲት ጠብታ መዋጥ የለበትም።

ጎብኚው በቅድሚያ የሥራውን ቤት ይመልከት። ቀይ ወይን ጠጅ ከነልጣጩ የሚቦካ በመሆኑ ቀለሙንና ምላስ የሚያኮማትረውን ጠባይ ከልጣጩ ይወስዳል። ነጩ ግን ፍሬው ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ስለሚቦካ ቀለል ያለ ነው። ማይዝግ በሆነ ብረት ጋን የቆየው የፍሬውን ጠረን ይጠብቃል፤ በእንጨት በርሜል የቆየው ደግሞ የእንጨትና የቅመም ጠረን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ለአስጎብኚው ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ይገባል። ይኸውም፦ መከሩ የየትኛው ዓመት ነው? በውስጡ የቀረ ስኳር ምን ያህል ነው? ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ እስከ ስንት ጊዜ ቢጠጣ ይመረጣል? የሚሉት ናቸው። ለነጋዴ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የወይን ጠጅ በወጣትነቱ እንዲጠጣ የተሠራ እንጂ በመደርደሪያ ላይ በቆየ ቍጥር የሚሻሻል አይደለምና።

መ. አቀማመሱ በአራት ደረጃ

የመጠጦቹ ተራ አስቀድሞ ይወሰን። ነጩ ከቀዩ በፊት፣ ደረቁ ከጣፋጩ በፊት፣ ቀላሉ ከከባዱ በፊት ይቀመሳል። ይህ ተራ ቢገለበጥ ጣፋጩን የቀመሰ ምላስ ደረቁን ያለ ጥፋቱ ኮምጣጣ ነው ብሎ ይፈርድበታል። በአንድ ብርጭቆ የሚቀዳው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ይበቃል። በዚህ ሂሳብ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንድ ጠርሙስ ከ15 እስከ 25 ለሚደርሱ ቀማሾች ይዳረሳል።

1ኛ፤ ማየት። አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርሌው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ የጠጁን ጥራት ከመጠጣት በፊት ያሳያል። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ፊት አዘንብሎ መመልከት ነው። ነጭ ወይን ጠጅ እንደ ገለባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ወጣት ቀይ ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይሆናል። ነጩ ወደ ቡናማ፣ ቀዩም ወደ ጡብ ቀለም ካደላ ወይ አርጅቷል ወይ አየር ገብቶበታል። ከሥሩ ጥቂት አተላ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መጠጡ ሁለመናው የደፈረሰ ከሆነ ግን መጠራጠር ይገባል።

2ኛ፤ ማሽተት። ብርጭቆውን በእግሩ ይዞ በዝግታ ማዞር፣ ከዚያ አፍንጫን አስጠግቶ አንድ ጊዜ በጥልቅ መሳብ ነው። ከሁሉ በፊት የሚፈለገው መልስ «ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። ንጹሕ ከሆነ በኋላ ጠረኑን በምናውቀው ነገር መሰየም ነው። የሎሚ ልጣጭ፣ ሙዝ፣ እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ አዲስ ቆዳ፣ የተቆላ ቡና፣ እነዚህ ሁሉ የእኛው ገበያ ጠረኖች ናቸው። ከባዕድ መጽሐፍ የተቀዳ፣ ቀማሹም ደንበኛውም በልቶት የማያውቀው የፍሬ ስም አይረዳም።

3ኛ፤ መቅመስ። አንድ ጉንጭ የማይሞላ ወስዶ በአፍ ውስጥ ማንከባለልና በከንፈር መካከል ጥቂት አየር መሳብ ነው። አራት ነገር ይመረመራል። የመጀመሪያው ጣፋጭነቱ፣ ሁለተኛው ምራቅ በመጥራት የሚታወቀው ኮምጣጣነቱ፣ ሦስተኛው እንደ ወፈረ ሻይ ድድን የሚያኮማትረው ታኒን፣ አራተኛው ጕሮሮን የሚያሞቀው የአልኮሉ ኃይል ነው። ጥሩ የወይን ጠጅ ማለት ከነዚህ አንዱ ሌላውን ያልረገጠበት ነው።

4ኛ፤ መትፋትና መፍረድ። የቡና ቀማሽ እንደሚተፋ ሁሉ የወይን ጠጅ ቀማሽም በመትፊያው ይተፋል። ይህ ነውር አይደለም፤ አምስት ብርጭቆ የዋጠ ሰው ስድስተኛውን በትክክል አይፈርድምና። ከተፋ በኋላ ጣዕሙ በአፍ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ በልቡ ይቍጠር። ጣዕሙ ቶሎ የሚጠፋው ቀላል መጠጥ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ደስ ብሎ የሚቆየው ደግሞ የተሻለ ነው። በየመካከሉ ዳቦና ውኃ መውሰድ ምላስን ያድሳል።

ሠ. የተበላሸ የወይን ጠጅ ምልክቶች

ለባለሱቅ ጥሩውን ከምርጡ መለየት ቢሳነው ጉዳቱ ጥቂት ነው። የተበላሸውን ከደኅናው መለየት ግን ግዴታው ነው። ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቡሹ ነው። ይህ ጥፋት ከአንድ ሣጥን ውስጥ አንዱን ጠርሙስ ብቻ ሊያገኘው ስለሚችል ሌላ ጠርሙስ ከፍቶ ማመሳከር ይገባል። አቼቶ የሚሸት ከሆነ ተሕዋስያን አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ መለወጥ ጀምረዋል። የተመታ ፖም ወይም የለውዝ ጠረን ካለውና ቀለሙ ከቡነነ አየር ገብቶበታል። ጋዝ የሌለው መሆን የሚገባው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ሲከፈት አረፋ ካወጣና ምላስን ከቆነጠጠ በጠርሙሱ ውስጥ እንደገና መቡካት ጀምሯል። የተጫረ ክብሪት ጠረን ግን መጠጡን ለመጠበቅ ከሚጨመረው የድኝ ውሕድ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ጥቂት አየር ሲያገኝ ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ ላይ ለመፍረድ አይቸኰል።

ጠርሙሱ ሳይከፈትም የሚናገረው አለ። ቡሹ ከአንገቱ በላይ ገፍቶ ከወጣ፣ በአንገቱ ላይ የደረቀ የፈሳሽ ምልክት ካለ፣ ወይም የመጠጡ ከፍታ ከጓደኞቹ ከጐደለ ዕቃው በመንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሣጥን ሳይመረምር የሚረከብ ሰው የሌላውን ሰው ኪሳራ በገዛ ፊርማው ይወስዳል።

ረ. የቅምሻ መዝገብ

ትዝታ የነጋዴ መዝገብ ሊሆን አይችልም። ለቅምሻ የተለየ ደብተር ገዝቶ ቀኑን፣ የአምራቹን ስም፣ የመጠጡን ስም፣ የመከሩን ዓመት፣ በጠርሙሱ ላይ የታተመውን የምርት ቍጥር፣ ቀለሙን፣ ጠረኑን፣ ጣዕሙን፣ ዋጋውንና «ለማን ይሸጣል?» የሚለውን በየረድፉ መጻፍ ነው። የመጨረሻው ረድፍ እጅግ አስፈላጊ ነው። ነጋዴው የሚቀምሰው ለራሱ ምላስ ሳይሆን ለደንበኞቹ ነውና። እርሱ ደረቁን ቢወድም የሠፈሩ ገዢ ጣፋጩን የሚሻ ከሆነ ምርጫው በገዢው ወገን መሆን አለበት።

ዋጋና ስም እንዳያታልሉትም ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቍጥር ሰጥቶ፣ ሌላ ሰው ቀድቶለት ይቅመስ። ዋጋቸውን ሳያውቅ የመረጠውን በኋላ ከዋጋው ጋር ሲያስተያይ በመደርደሪያው ላይ ያለ ምክንያት የተወደደውንና ያለ ምክንያት የተናቀውን ያገኛል። የንግድ ትርፍ የሚገኘውም ከነዚህ ከሁለቱ መካከል ነው።

ስለ ምግብም አንድ ቃል እንጨምር። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከአልኮሉ ብርታትና ከታኒኑ ጋር ሲገናኝ አፍን ያቃጥላል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ጥቂት ጣፋጭነት ያለውን ወይን ጠጅ፣ ለጥብስና ለክትፎ ደረቁን ቀይ፣ ለዓሣና ለጾም ምግብ የቀዘቀዘ ነጭ ማቅረብ ይስማማል። ነጩ ከ8 እስከ 12፣ ቀዩ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ቢጠጣ ጣዕሙን ያሳያል። ይህን የሚያውቅ ባለሱቅ ደንበኛው «የትኛውን ልውሰድ?» ሲለው ዋጋ ብቻ ጠርቶ ዝም አይልም።

ሰ. ከመቅመሻው ክፍል ወደ ኮልፌ ቀራንዮ መደርደሪያ

በዝዋይ ንጹሕ የነበረው መጠጥ በአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። የምዕራቡ የከተማችን ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ በመሆኑ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ይህ ለወይን ጠጅ ጠባቂ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ዳሩ ግን በዚህ ከፍታ የቀኑ ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው የላይኛው መደርደሪያ በቀን ይግላል፣ በሌሊት ይበርዳል። ይህ መለዋወጥ ቡሹን እያስፋፋና እያኮማተረ አየር ያስገባል። በመስታወት ፊት ለጌጥ የተሰለፈ ጠርሙስ፣ ይልቁንም ቀለም በሌለው ጠርሙስ ያለ ነጭ ወይን ጠጅ፣ በብርሃን ብቻ ጣዕሙ ይለወጣል።

ስለዚህ ለጌጥ ባዶ ጠርሙስ ይቁም፤ የሚሸጠው ግን ከታች፣ ከጨለማው፣ ከግድግዳው ጥግ ይቀመጥ። በቡሽ የተዘጋው ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ይጋደም። ከቤንዚን፣ ከሳሙናና ከቅመም አጠገብ አይቀመጥ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ። አረፋማ ወይን ጠጅ የሚሸጥም ሰው በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑን ይወቅ። በባሕር ጠረፍ አገር የታሸገ ጠርሙስ እዚህ ሲከፈት ቡሹ ከልማዱ በበለጠ ኃይል ይፈናጠራል። ደንበኛውን አቀዝቅዞ እንዲከፍትና አንገቱን ወደ ሰው እንዳያዞር መምከር ይገባል።

ሸ. ለአስመጪዎችና ለላኪዎች

ከውጭ አገር የሚመጣው ወይን ጠጅ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። በጅቡቲ በበጋቸው ወራት፣ ይኸውም በእኛ ክረምት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ በቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህም ይከፋል። አስመጪው የሚጫንበትን ወራት ቢመርጥና ዕቃው በወደብ የሚቆይበትን ቀን ቢያሳጥር ከማናቸውም የዋጋ ቅናሽ ይልቅ ይጠቅመዋል። ከሁሉ በላይ ግን ውሉን በናሙና ያድርግ። ሻጩ በላከው ናሙና ላይ ሁለቱ ወገኖች ማኅተም አድርገው አንዱን አስመጪው በቀዝቃዛ ቦታ ያኑር። ዕቃው በደረሰ ቀን ከተለያዩ ሣጥኖች ጥቂት ጠርሙሶችን አውጥቶ ከናሙናው ጋር ጐን ለጐን ይቅመስ። ልዩነት ቢያገኝ ክርክሩ በትዝታ ላይ ሳይሆን በማስረጃ ላይ ይቆማል።

ለላኪውም ትምህርቱ አንድ ነው። የውጭ አገር ገዢ ከአዲስ ወይን አገር የሚመጣን ጠርሙስ የሚቀበለው በመገረም ነው፤ ሁለተኛ የሚገዛው ግን ጣዕሙ ሳይለወጥ ከተገኘ ብቻ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የመጀመሪያ ገዢዎች ናቸው፤ የናፍቆት ገዢ ግን የአገሩን ጣዕም ስለሚያውቅ በቀላሉ የሚታለል አይደለም።

ቀ. ስለ ሠፈራችን ጠጅ ቤቶች

በቤተሰብ እጅ ያለ የጠጅ ሥራ ለማየት የግድ ወደ ሐይቅ ዳር መውረድ አያስፈልግም። በከተማችን ባለቤቲቱ ራሷ የምትጥልበት፣ ልጆቿ የሚቀዱበት ጠጅ ቤት የኖረ ሥራ ነው። አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውኃ ተበርዞ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ እንደ አየሩ ሙቀት ለሳምንታት ይብላላል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ አገሮች የሚመጣው ማር በጅማ መንገድ ሲገባ በአየር ጤና በኩል ስለሚያልፍ የሠፈሩ ነጋዴ ማርን መቅመስ ከልጅነቱ የለመደው ሙያ ነው።

ከላይ የተጻፈው ደንብ ሁሉ ለጠጅም ይሠራል። ማሩን በስኳር ተክቶ ቢጫ ቀለም የጨመረበት ጠጅ በብርሌ ሲታይ ያምራል፤ በአፍንጫ ግን የአበባና የሰም ጠረን የለውም፣ ጣዕሙም ከምላስ ላይ ቶሎ ይጠፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የጠጅ የአልኮል መጠንና ኮምጣጣነት ከቤት ወደ ቤት ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥም ከጥንስስ ወደ ጥንስስ እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ ርቆ ለመሸጥ ይቸገራል። ማሩንና ውኃውን የሚመዝን፣ ቀኑን የሚጽፍ፣ እያንዳንዱን ጥንስስ ቀምሶ በመዝገብ የሚያኖር ጠጅ ቤት ግን ከሠፈሩ ውጭ ለመሸጥ የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምዷል።

በ. ማሳሰቢያና የቤት ሥራ

አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን መተዋወቁንም እንዲሁ። ብዙዎች ይህን የንግድ መሰናክል አድርገው ያዩታል። እኛ ግን አንድ ነገር እናስተውላለን። ማስታወቂያ በሌለበት ገበያ የሚሸጠው የባለሱቁ ቃል ነው። ቃሉ የሚታመነውም የሚሸጠውን ቀምሶ ሲያውቅ ነው። ይህ ትምህርት ደንበኛን ብዙ ለማጠጣት ሳይሆን ነጋዴው ጥቂት ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ በእውነት እንዲመክር የተጻፈ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት መጠጥ የማይቀምስ ነጋዴም ቢሆን በዓይንና በአፍንጫ የሚደረጉትን ሁለቱን ምርመራዎች ሊያከናውን፣ ቡሹንና የመጠጡን ከፍታ ሊመረምር፣ የቀረውን ለታመነ ቀማሽ ሊሰጥ ይችላል።

በመጨረሻ ለባለሱቆች አንድ የቤት ሥራ እንሰጣለን። ከአንድ ሣጥን ሁለት ተመሳሳይ የነጭ ወይን ጠጅ ጠርሙሶች ውሰዱ። አንዱን ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ፊት አቁሙ፤ ሁለተኛውን በካርቶን ከልላችሁ በጨለማው ጥግ አጋድሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱንም እኩል አቀዝቅዛችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳታውቁ ሌላ ሰው እንዲቀዳላችሁ አድርጉ። ያገኛችሁትን በመዝገባችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ዞር ብላችሁ የገዛ መስታወታችሁን ተመልከቱ፤ ፀሐይ ላይ የቆሙትንም ጠርሙሶች ቍጠሩ።